የቆየ ወዳጅነት እንደ ገና ሲታደስ



ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ብዙዎቻችን በልባችን ይዘነው በአፋችን ስለማናወጣው ጉዳይ ነው። ይኸውም ወላጆቻቸው በአንድ አጥር የሚዋሰኑ፣ ቡና ተጠራርተው የሚጠጡ፣ አብሮ አደግ የሆኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወዳጅነታቸው ወደ ፍቅር ከተለወጠ በኋላ ተለያይተው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደ ገና ቢገናኙ ምን ማድረግ ይገባቸዋል የሚለው ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ይህን ነገር አሳምሮ ያውቀዋል። ወጣቱ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው አሶሳ ተዛውሮ ይሄዳል እንበል። በመጀመሪያው ወር ማታ ማታ ይደውላል፤ ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ፤ በዓመቱ ዝም ይላል። የተጣላ የለም፤ ዳሩ ግን ያልተነገረ ቅሬታ በመካከል ገብቷል። ሁለቱ እናቶች ልቅሶ ቤት ሲገናኙ መተያየት ያፍራሉ። እንግዲህ የባዕድ ፍቅር ሲፈርስ የሚጎዳው ሁለት ሰው ሲሆን፣ የወዳጅ ልጆች ፍቅር ሲፈርስ ግን የሚጎዳው ሁለት ቤት ነው።

የቤተሰብ መተሳሰር ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ከዚያው ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሳንወጣ አንድ ምሳሌ እናገኛለን። በመተከልና በካማሺ በሚኖሩት በጉሙዞች የጥንት ልማድ፣ አንድ ሰው ሚስት ሲያገባ እኅቱን ወይም የጎሣውን ልጅ ለሚስቱ ወገን በለውጥ ይሰጣል። ልማዱ ሁለት ቤቶችን ያስተሳስራል፤ ነገር ግን አንደኛው ትዳር ሲናወጥ፣ ምንም ያልበደለው ሁለተኛው ትዳርም አብሮ ይናወጣል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ማዘዙ፣ ሰው የሌላውን ሰው ዕዳ በትዳሩ እንዳይከፍል ጭምር ነው። እኛ ከተሜዎችስ «የእገሌ ልጅ እኮ ልጃችን ናት፤ እንዳታሳፍረን» እያልን ስንጎተጉት፣ ከዚህ ምን ያህል እንርቃለን?

አሁን ደግሞ በአሶሳ አካባቢ ወዳለችው ወደ ጾሬ እንሻገር። በዚያ የሱዳን ስደተኞች የሚኖሩበት ጣቢያ አለ። የበርታ ሕዝብ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም የሚኖር አንድ ወገን ስለ ሆነ፣ በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት ሲነሣ፣ ኋላም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌላ ጦርነት በካርቱም ሲጀመር፣ ወደዚህ የተሻገረ ብዙ ነው። እንዲህ ባለው ሽሽት አብሮ አደግ ከአብሮ አደጉ፣ ቤተ ዘመድም ከቤተ ዘመዱ ይለያያል።

እንዲህ የተለያዩትን የሚያፈላልገው ቀይ መስቀል ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው። የቀይ መስቀል አሠራር በጣም የሚያስተምር ነው። ፈላጊው የጠፋበትን ዘመዱን ስምና መጨረሻ የታየበትን ስፍራ ያስመዘግባል፤ ተፈላጊው ሲገኝ ግን፣ እርሱ ካልፈቀደ በቀር አድራሻው ለፈላጊው አይሰጥም። የተገኘ ሰው ሁሉ መገናኘት ይሻል ማለት አይደለምና።

አድማጮቼ ሆይ፤ የዛሬው ምክሬ ሁሉ በዚህ ደንብ ውስጥ ይገኛል። የቀድሞ ወዳጁን የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሽማግሌ አይላክ፤ እናቱንም ወደ እናቷ አይስደድ። ራሱ ይጻፍ፤ ጥፋቱንም በስሙ ይጥራው። «ሥራ በዝቶብኝ ነበር» ማለት ይቅርታ አይደለም፤ «ዝም በማለቴ በድዬሻለሁ» ማለት ግን ይቅርታ ነው። ከዚያ በኋላ መልሱን ለእርሷ ይተው። ትዳር ይዛ ቢያገኛት ምኞቱን ዋጥ አድርጎ ለቤቷ ደስታ ይመኝ፤ የሁለቱን ቤት ቡና ማስታረቁ ራሱ ትልቅ ትርፍ ነው። እርሷም ፈላጊ ብትሆን ደንቡ ይኸው ነው።

ነጻ ሆነው ቢገናኙና ልባቸው ቢፈቅድስ? አሁንም አይቸኩሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ለፍቺ የቀረቡ ባልና ሚስት እንዲያስቡበት ፍርድ ቤት ከ3 ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው እንደሚችል ይደነግጋል። ለመለያየት ይህን ያህል ማሰብ የሚገባ ከሆነ፣ ተለያይቶ ለመገናኘትማ እንዴት አይገባም? የድሮዋን ልጃገረድ የሚናፍቅ ሰው ዛሬ ፊቱ የተቀመጠችውን ሴት ገና አላወቃትም፤ እርሷም እንዲሁ።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። በሩን ክፈቱ እንጂ ልጆቹን ከኋላ አትግፏቸው። ነገሩ ባይሳካ እንኳ ቡናው እንዳይቋረጥ ከዛሬው ተነጋገሩ። ልጆቹ «እምቢ» ቢሉም ሁለቱ ቤቶች እንደማይፈርሱ ሲያውቁ፣ ያን ጊዜ «እሺ» የሚለው ቃላቸው እውነተኛ ይሆናል።