የወተት ጥርስ የያዘችው ማስታወሻ

የልጅ የወተት ጥርስ ሲወልቅ ብዙዎቻችን ጣሪያ ላይ እናስወረውራለን። ታዲያ ያቺ ትንሽ ጥርስ ልጁ ጡት የጠባበትን ጊዜ መዝግባ እንደያዘች ያውቃሉ?

መዝጋቢው ባሪየም ይባላል። ባሪየም በምንበላውና በምንጠጣው ውስጥ በኢምንት መጠን የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው።

እስቲ ጧፍ ሲሠራ አስቡት። ፈትሉ በቀለጠ ሰም ያልፋል፤ ይደርቃል፤ እንደገና ያልፋል። መሀል ላይ ሰሙ ውስጥ ቀለም ብንጨምርስ? ጧፉ ሲቆረጥ ቀለም የገባበት ሽፋን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥርስም ሲሠራ እንዲሁ ነው፤ በየቀኑ ሽፋን በሽፋን ላይ ይደርባል። የዕለቱ ባሪየም በዕለቱ ሽፋን ውስጥ ይቀራል።

ሕፃኑ ማህፀን ውስጥ ሳለ የእንግዴ ልጁ ባሪየምን ብዙም አያሳልፍም። ከተወለደ በኋላ ግን ከጡት ወተቱ ጋር ባሪየሙ ከፍ ይላል። ጡት ሲጥል ደግሞ ይወርዳል። የልደት ዕለት እንኳ ጥርስ ላይ ቀጭን መስመር ትታ ታልፋለች። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

እንግዲህ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ ዘዴ ወደ ጥንት ወሰደው። ቤልጂየም ውስጥ፣ ስክላዲና ከተባለ ዋሻ የተገኘ የአንድ የኒያንደርታል (ከምድር የጠፋ የሰው ዘመድ) ልጅ መንጋጋ ጥርስ ተመረመረ። ልጁ እስከ 7 ወሩ የእናቱን ጡት ብቻ ጠባ። ከዚያ ሌላ ምግብ ተጨመረለት። ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆነው ግን ባሪየሙ ድንገት ቁልቁል ወረደ። ጡቱ ቀረበት። ጥርሱም ያንን ቀን እስከ ዛሬ ይዞ ቆየ።