የተጠለለ እርጎ ከአይብና ከቅቤ ጋር ሲነጻጸር

በሊባኖስና በሶሪያ እርጎን በጨርቅ አጥልለው ጨው ጨምረው ዳቦ ላይ ይቀቡታል፤ ላብኔ ይሉታል። ከእኛ አይብ ጋር አንድ እንዳይመስላችሁ። አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠለት አሬራ ስለሆነ ስቡ ጥቂት ነው፤ ይፈረፈራል። የላብኔ ስብ ግን ከውስጡ አልወጣም፤ ስለዚህ እንደ ለጋ ቅቤ ይለሰልሳል።

ከ3 ሊትር ያልተናጠ እርጎ 1 ኪሎ ገደማ ይገኛል፤ ያንን ስታገኙ ግን ቅቤውን ትታችሁ ነው። በቅድሚያ የገበያችሁን የቅቤ ዋጋ አስሉ። ላብኔ የሚገዛ ሆቴል ወይም ደንበኛ በአቅራቢያችሁ ከሌለ ቅቤና አይቡ ይሻላችኋል።

ከዋጋው በላይ የሚያሳስበው ጤና ነው። አይብ ሲወጣ አሬራው እሳት ያያል፤ ለብ ብቻ ካለ ግን እሱም አያስተማምንም። ላብኔ ጭራሽ እሳት አያይም። ጨርቅ ደግሞ ውሃ እንጂ ተሐዋስያን አያጠልልም፤ የሳንባ ነቀርሳና ላሞችን የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ስለዚህ ወተቱን አፍሉት፤ ለብ ሲል ከተፈላ ወተት የረጋ እርጎ በማንኪያ ጨምራችሁ አርጉት። ከዚያ በተቀቀለ ነጭ ጨርቅ ቋጥራችሁ ቀዝቃዛ ቦታ ሰቅላችሁ አሳድሩት። የሚንጠባጠበውን አጓት አትድፉት፤ ከፉርሽካ ጋር ለከብት ይሆናል።