ቁልቁለት ላይ ፎሌ አያዋጣም

አቅራቢ፦ የነዳጅ ወጪ ያማረራችሁ አሽከርካሪዎች፣ የዛሬው መሰናዶ ለእናንተ ነው።

ብዙዎቻችን ከእንጦጦ ስንወርድ ወይም የዓባይን በረሃ ስናቋርጥ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለን ማርሹን ፎሌ እናደርጋለን። ኢንጀክሽን ባላቸው መኪኖች ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ማርሽ እንደገባ እግራችንን ከነዳጅ መስጫው ስናነሳ፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ራሳቸው ጎማዎቹ ናቸው፤ የመኪናው ኮምፒውተርም ነዳጁን ይዘጋዋል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጫናው ሁሉ ፍሬኑ ላይ መውደቁ ነው፤ ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን አይይዝም። ስለዚህ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ነዳጅም ሕይወትም ይተርፋል።

ከተማ ውስጥስ? ትልቁ ብክነት ነዳጅ ረግጦ መፈትለክና ወዲያው ፍሬን መያዝ ነው። ከፊታችሁ ያለውን መኪና ራቅ ብላችሁ ተከተሉ። ቀይ መብራት ከሩቅ ስታዩ እግራችሁን ቀደም ብላችሁ አንሱ። ቆማችሁ ሰው ስትጠብቁም ሞተር አጥፉ፤ በሚኒሞ የቆመ መኪና በሰዓት 1 ሊትር ገደማ ሊያቃጥል ይችላል።

የጎማ ነፋስ በየወሩ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። ጎሚስታው በግምት እንዳይሞላው፣ የሾፌሩን በር ከፍታችሁ እዚያው የተለጠፈውን ቁጥር አሳዩት። ነፋስ የጎደለው ጎማ መንገዱ ላይ ስለሚለጠፍ ሞተሩን ያደክማል። ባዶውን ፖርቶ መጋላም አውርዱት፤ በረጅም መንገድ ንፋስ እየያዘ ነዳጅ ያስበላል።

እነዚህ ሁሉ ጥንቃቄ እንጂ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ዛሬውኑ ጀምሩ። መልካም ጉዞ!