ከአንድ ነፍስ ተፈጠርን እንጂ አንድ ነፍስ አይደለንም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

«የሰው ልጆች ሁሉ የሚጋሩት አንድ መንፈስ አለ፤ የምንለያየው በአካል ብቻ ነው» የሚል አባባል ከወጣቶቻችን አንደበት እንሰማለን። አባባሉ ጆሮ ይስባል፤ ፍቅርንና ሰላምን የሚያመጣ ይመስላል። ግን እውነት ነውን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ (1058–1111 እ.ኤ.አ.) ፈላስፎችን በሞገቱበት «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» በተሰኘው መጽሐፋቸው አንስተውታል። መልሳቸው ግልጽ ነበር፦ የዘይድና የዐምር ነፍስ አንድ ቢሆን ኖሮ አንዱ የሚያውቀውን ሌላውም ባወቀው ነበር። እያንዳንዱ ሰው ግን እሱ ሌላው እንዳልሆነ ከራሱ ያውቃል።

ከእሳቸው በኋላ የቁርጡባው ሊቅ ኢብን ሩሽድ (1126–1198 እ.ኤ.አ.) የአሪስቶትልን ስለ ነፍስ የተጻፈ መጽሐፍ ሲያብራሩ፣ ምናብ የየሰው ቢሆንም እውቀትን የሚቀበለው አእምሮ ግን ለሰው ሁሉ አንድ ነው አሉ። ይህ ካልሆነ መምህርና ተማሪ አንዱን እውቀት እንዴት ይጋሩታል? የሚል ነበር ሐሳባቸው። ጽሑፋቸው ወደ ላቲን ተተርጉሞ ፓሪስ ሲደርስ ብርቱ ክርክር ተነሳ። በ1270 እ.ኤ.አ. ቶማስ አኳይናስ የተቃውሞ መጽሐፍ ጻፈ፤ በዚያው ዓመት የከተማዋ ጳጳስ ሐሳቡን አወገዘ። ከተቃውሞዎቹ አንዱ የእኛም ጥያቄ ነው፦ ሁላችንም አንድ ከሆንን የሚመነዳው ማነው? የሚቀጣውስ?

ልብ በሉ! ኢብን ሩሽድ ራሳቸው በኢሽቢሊያና በቁርጡባ ቃዲ ነበሩ። ችሎት ላይ የተቀመጠ ቃዲ «አእምሯችሁ አንድ ነው» ብሎ የአንዱን ዕዳ በሌላው ላይ አይጭንም። ማን ተበደረ? ማን መሰከረ? ማን ማለ? እያለ እያንዳንዱን ለየብቻ ይጠይቃል። በቂያማ ቀንም ሒሳባችን እንዲሁ የየራሳችን ነው።

ታዲያ ምንም አያገናኘንም ማለት ነውን? በፍጹም! ሱረቱ አን-ኒሳእ ገና በመጀመሪያው አንቀጹ ሰዎች ሁሉ ከአንድ ነፍስ እንደተፈጠሩ ያስተምረናል፤ እዚያው ላይም አላህን እንድንፈራና ዝምድናን ከመቁረጥ እንድንጠነቀቅ ያዘናል። ግንኙነታችን ከነግዴታው ነው የመጣው።

ይህንን በፊቅህ ውስጥ በግልጽ እናየዋለን። ሶላታችንን ማንም ሊሰግድልን አይችልም፤ ፈርድ ዐይን ነው። ጀናዛን ማጠብ፣ መከፈንና መቅበር ግን ፈርድ ኪፋያ ነው፤ ከመካከላችን የተወሰኑት ቢፈጽሙት ከሁላችንም ይወርዳል፤ ማንም ባይፈጽመው እያወቅን የተውነው ሁላችንም እንጠየቃለን። አንዱ ለሌላው ይደርሳል፤ አንዱ ግን ሌላውን አይሆንም።

በየቤታችንም ያለው ይኸው ነው። እናት ስትታመም ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ ያነጋል፤ ሕመሟን ግን ሊቀበላት አይችልም። ውኃ የሚያቀብላት፣ ትራሷን የሚያስተካክልላት እሱ ሌላ ሰው ስለሆነ ነው። አንድ ነፍስ ቢሆኑ ኖሮ ማን ማንን ያስታምም ነበር?

«ሁላችንም አንድ ነን» ማለት ምንም አያስከፍልም። ይህን እያልን ግን ከወንድማችን ጋር በውርስ ተኮራርፈን ዓመታት ይቆጠራሉ፤ የሠራተኛችን ደመወዝ ከወር ወር ይተላለፋል፤ የጎረቤታችንን በር አናንኳኳም። እነዚህ ሰዎች እኛ አይደሉም፤ በእኛ ላይ ሐቅ ያላቸው የአላህ ባሮች ናቸው። ሐቃቸውን ዛሬ በእጃችን ካልሰጠናቸው ነገ ከመልካም ሥራችን ይወስዱታል።

የሩሕ ምስጢር የጌታችን ጉዳይ ነው፤ ከእውቀት የተሰጠን ጥቂት ብቻ ነው። የታዘዝነው ግን ግልጽ ነው። እንግዲያው ይህንን ንግግር ሰምተን ስንነሳ ያኮረፍነውን አንድ ሰው ሰላም ብለን እንጀምር።

አላህ ልቦቻችንን ያስማማልን፤ የሰው ሐቅ ተሸክመው ከሚቀርቡት አያድርገን። ኣሚን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።