ደንብና ዕጣ፤ በኮምፒዩተር ስለሚሠራ ሥዕል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ለዚህ በዓል በተዘጋጀው የሥዕል ኤግዚቢሽን፥ በኮምፒዩተር የተሠሩ ሥዕሎች በእጅ ከተሣሉት ጋር አብረው ይሰቀሉ ወይስ አይሰቀሉ የሚለው ጥያቄ በዚህ ዓመት ብዙ አከራክሮናል። አንዳንዶቹ ጓደኞቻችን ማሽን የሠራውን የተማሪ ሥራ ነው ብሎ ለሽልማት ማቅረብ ማታለል ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ፎቶግራፍ ከተሰቀለ ይህ የማይሰቀልበት ምክንያት የለም ይላሉ። ጉዳዩን መርምረን ዐሳብ እንድናቀርብ እኛ ስለ ታዘዝን፥ ያገኘነውን በፊታችሁ ለመናገር ቆመናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ሠዓሊው ብሩሽ ይዞ መሥመሩን በእጁ በመሣል ፈንታ፥ መሥመሩ እንዴት እንደሚሣል ደንብ ይጽፋል፤ ደንቡም በኮምፒዩተር ቋንቋ ሲጻፍ ኮድ ይባላል። ከዚያም አንዳንዱን ነገር፥ ማለት የመሥመሩን ርዝመት ወይም የቀለሙን ዐይነት፥ ራሱ አይወስንም፤ ለዕጣ ይተወዋል። ስለዚህ አንዱ ደንብ መቶ ጊዜ ቢሠራበት መቶ የተለያዩ፥ ነገር ግን እንደ አንድ ቤተ ሰብ ልጆች የሚመሳሰሉ ሥዕሎች ይወጣሉ።

ደንብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሸማኔው ጥለት ሲያወጣ ክሩን በቁጥር ያነሣል፥ በቁጥር ይጥላል፤ ቁጥሩን የሳተ እንደ ሆነ ጥለቱ ይበላሻል። ዕጣም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 እንደምናነበው በይሁዳ ፈንታ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነው። (ይህን ስንል ሥዕልን ከሐዋርያነት ጋር ማስተካከላችን አይደለም።) አዲሱ ነገር ደንብንና ዕጣን አንድ ላይ ለማሽን መስጠት ነው።

ይህ የሆነው ዛሬ እንዳይመስላችሁ። በ1965 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ፥ ሚስተር ጌዮርግ ኔስ የተባሉ የሒሳብ ሰው በኮምፒዩተር ያሣሏቸውን ሥዕሎች በቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ውስጥ አሳዩ። በዚያው ዓመት ሚስተር ፍሪደር ናኬ በዚያችው ከተማ፥ ሚስተር ማይክል ኖልም በኒው ዮርክ እንዲሁ አደረጉ። በሽቱትጋርቱ ስብሰባ ላይ ከነበሩት ሠዓሊዎች አንዳንዶቹ ተቈጡ ይባላል። አንዱም ይህ ማሽን የእኔን የእጅ አጣጣል ሊያወጣ ይችላልን ብሎ ቢጠይቃቸው፥ ሚስተር ኔስ የእጅህ አጣጣል ምን እንደ ሆነ ከነገርኸኝ አዎን የሚል መልስ ሰጡት። ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አሰብንበት፤ ቀልድ ይምሰል እንጂ የነገሩ ሁሉ ቊልፍ በውስጡ አለ።

ሚስተር ኔስ በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ከሠሯቸው ሥዕሎች አንዱን በክፍላችን ሰሌዳ ላይ መርምረናል። በሥዕሉ ላይ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ወደ ጎን 12፥ ወደ ታች 22፥ በጠቅላላው 264 ሆነው ተደርድረዋል። ከላይ ያለው ረድፍ እንደ ተነጠፈ ሸክላ ቀጥ ያለ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ግን እያንዳንዱ ጥቂት በጥቂት እየዞረና ከቦታው እየተንሸራተተ ሄዶ፥ ከግርጌው ሲደረስ ከጭነት መኪና የተራገፈ ጠጠር ይመስላል፤ የሥዕሉ ስምም በጀርመንኛ ጠጠር ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደንብ አጭር ነው። አራት ማዕዘኑ የሚዞርበትና ከቦታው የሚለቅበት መጠን በዕጣ ይወሰናል፤ ዕጣው የሚወጣበት ወሰን ግን ረድፉ ወደ ታች በወረደ መጠን እየሰፋ ይሄዳል። እኛም ወሰኑን ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምረን ሰፊ አድርገን ብንሞክረው የፈረሰ ግንብ ሆነ፤ ወሰኑን ዜሮ ብናደርገው ደግሞ የሒሳብ ደብተር ገጽ ሆነ። ከዚህ የተነሣ የሥዕሉ ውበት የዕጣው ሥራ እንዳልሆነ፥ ወሰኑን ቀስ ብሎ ያሰፋው ሰው ሥራ እንደ ሆነ አመንን።

ደግሞም ኮምፒዩተር እንዲህ ባለው ሥራ ላይ በእውነት ዕጣ አይጥልም፤ ያሰላል እንጂ። ወረቀትና እርሳስ ያለው ሁሉ ሊሞክረው ይችላል። ከ7 ተነሡ፤ በ5 አባዙት፥ 3 ጨምሩበት፥ ለ16 አካፍሉትና ቀሪውን ያዙ፤ 6 ይሆናል። በ6 ላይ ያንኑ ብታደርጉ 1፥ ቀጥሎም 8፥ 11፥ 10፥ 5፥ 12 እያለ ይሄዳል፤ ከ0 እስከ 15 ያሉትን ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ካዳረሰ በኋላ ወደ 7 ይመለሳል። ምስጢሩን ያላወቀ ሰው ሥርዐት የሌለው ይመስለዋል። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ስሌት ከዚህ እጅግ የሰፋ ቢሆንም ጠባዩ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ዘር ይባላል፤ በአንድ ደንብ ላይ ያንኑ ዘር የዘራ ሰው ያንኑ ሥዕል ያጭዳል።

ወይዘሮ ቬራ ሞልናርን ሳናነሣ አናልፍም። እኒህ ሴት በ1924 ዓ.ም. በቡዳፔስት ተወልደው በ2023 ዓ.ም. በፓሪስ ያረፉ ሠዓሊ ናቸው። ኮምፒዩተር ያገኙት በ1968 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዓመታት ደንቡን ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው በእጃቸው ይፈጽሙት ነበር። ማሽን የለንም ብሎ የሚያዝን ተማሪ ቢኖር ይህን ይወቅ።

አሁን ሥራው የማን ነው ወደሚለው እንመለስ። ሚስተር ኖል አንዱን ሥዕላቸውን በሕግ ለማስመዝገብ ወደ አሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቢልኩት፥ ማሽን የሠራው ነው ተብሎ ተመለሰባቸው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው እንደ ሆነ ቢያስረዱ፥ በዕጣ የወጣ ነገር እንዴት ይመዘገባል የሚል ሁለተኛ ጥያቄ መጣ። እርሳቸውም ዕጣ የሚመስለውን ቁጥር የሚያወጣው ስሌት ራሱ በሰው የተጻፈ መሆኑን ገለጹና በመጨረሻ ተመዘገበላቸው። ከስድሳ ዓመት በኋላ በ2025 ዓ.ም. የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት ሌላ ጉዳይ ቀረበለት። አንድ ሰው ሥዕሉን የሠራው ማሽኑ ብቻውን ነው ብሎ በማሽኑ ስም ለማስመዝገብ ፈልጎ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም የሥራ ባለቤት የሚባለው ሰው መሆን አለበት ብሎ ፈረደ። ሁለቱ ነገሮች የሚጋጩ አይደሉም።

የሚከብደው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ሥዕል ነው። ስቴብል ዲፊውዥን የተባለውና በ2022 ዓ.ም. የወጣው መሣሪያ፥ ከ5 ቢሊዮን በላይ ሥዕሎች ከነመግለጫቸው ከተመዘገቡበት ስብስብ በተውጣጡ ሥዕሎች የተማረ ነው። ሥራውን ሲጀምር ነጥቦችን እንደ አቧራ በዕጣ ይበትናል፤ ከዚያም የተጻፈለትን ቃል እየተከተለ አቧራውን ደረጃ በደረጃ ያጠራዋል። ዕጣውም ዘሩም እዚህ አሉ። የጠፋው ደንቡ ነው። ደንቡን ተማሪው አልጻፈውም፤ ማሽኑ ከብዙ ሰዎች ድካም የጨመቀው ስለ ሆነ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማንበብም አይቻልም። በጃንዋሪ 2023 ዓ.ም. ሦስት ሠዓሊዎች ሥራችን ያለ ፈቃዳችን ለማሽን ማስተማሪያ ሆነ ብለው በሳን ፍራንሲስኮ ክስ ያቀረቡት ስለዚህ ነው። እኛም እንዲህ ባለ አንድ መሣሪያ ላይ የገበያ ቀን ሥዕል አዝዘን ነበር። የሱቁ ሰሌዳ ከሩቅ ሲታይ አማርኛ ይመስላል፤ ቀርበን ብናነበው ግን ከሀ እስከ ፐ የማይገኝ ፊደል ነው።

ስለዚህ ለዲሬክተሩ ያቀረብነው ዐሳብ እንዲህ ነው። ደንቡን ራሱ የጻፈ ተማሪ በእጅ ከሣለው ጋር እኩል ይወዳደር፤ ከሥዕሉ ሥር ደንቡን በአማርኛ፥ ዘሩንም በቁጥር ጽፎ ይለጥፍ። ጥቂት ቃላት ለመሣሪያ ሰጥቶ ያሠራው ሥዕል በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ከነቃሉ ይሰቀል፥ ሽልማት ግን አይሰጠው። አንዳንዶች ይህ ፍርድ ጠነከረ ብለውናል፤ እኛ ግን አላላነውም፤ ሌሊቱን ሙሉ በእርሳስ ሲደክም ያደረውን ልጅ ዐይን እያየን ሌላ ልንል አንችልም።

አንድ ነገር ብቻ ከግድግዳ ግድግዳ አንከራተተን። የ11ኛ ክፍል እኅታችን ሸማኔ አባቷ የሠሯቸውን ጥለቶች በፈቃዳቸው ፎቶግራፍ አንሥታ፥ ማሽኑ ከእነዚያ ብቻ እንዲማር አድርጋ አዲስ ጥለት አወጣች። የማን ነው እንበል? በአገራችን ልማድ የአባት ስም ከልጅ ስም ቀጥሎ መጻፉ በዚህ ጊዜ አዳነን፤ አንዱ መሥመር ሁለቱንም ሠራተኞች ሰየመልን። ሥዕሉ ከእጅ ሥራዎች ጋር ተሰቅሏል።

ወላጆች ወደ አዳራሹ ስትገቡ በበሩ በስተ ቀኝ አንድ ጠረጴዛ ታገኛላችሁ። የልደት ቀናችሁን በቁጥር ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ያ ቁጥር ዘር ሆኖ ሥዕሉ ወዲያው በወረቀት ይታተምላችኋል። ቁጥሩን አትርሱ፤ ወረቀቱ ቢጠፋባችሁ በእርሱ እንደ ገና ይወጣል።