ስለ ቤትና ስለ ዕቁብ ለልደታ ሰፈር ሰዎች የተነገረ ቃል



በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከኾነ ወዲህ፥ በልደታ የሚኖር ብዙ ድኻ የቀበሌ ተከራይ ኾኖ ኖረ። ኪራዩ ጥቂት ነበረ፤ ነገር ግን ግድግዳው ሲዘምና ቆርቆሮው ሲያፈስ፥ የራሱ ያልኾነውን ቤት መያዣ አድርጎ ከባንክ መበደር አልቻለም።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በከተማው ኮንዶሚኒየም ይሠራ ዠመር፤ በኋላም በልደታ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ፎቅ ቆመበት። በ20/80 ሥርዓት፥ ከዋጋው ከመቶ 20ውን አስቀድሞ ለከፈለ ሰው የቀረውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያበድረው ነበር። ያን 20 ግን ድኻ ከወዴት ያመጣው ነበር?

እዚህ ላይ የዕቁብ ጥቅም ይታያል። 20 ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ፥ ዕጣ የወጣለት 20,000 ብር ያለ ወለድ ባንድ ቀን ይቀበላል። መያዣው የዋሱ ቃልና የጎረቤት እምነት ነው እንጂ መሬት አይደለም።

ስለዚህ ሰፈር ሲፈርስ የሚፈርሰው ጭቃ ብቻ አይደለም። መክፈል ተስኖት ወደ ሌላ ሰፈር የሄደ ሰው ዋሶቹን ትቶ ሄዷል፤ በዚያ ማን ያምነዋል? ፎቅ የደረሰውም ደጁን ዘግቶ ቢኖር፥ የባንኩ ዕዳ በከበደበት ቀን እንደዚያው ብቻውን ነው።

እንግዲህ የፎቁ ነዋሪዎች ዕቁባቸውን በየሕንጻው ያቁሙ፤ የሄደውን ጎረቤት ስም ከመዝገብ አይፋቁ፤ ዕጣ የወጣለትም ለባሰበት ተራውን ይልቀቅ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።