ፈጣን ስለሚባሉ የእንግሊዝኛ ቃላት
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ጥቂት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፥ ሰዋስው ለበዓል ቀን የሚቀርብ ምግብ አይደለምና ምን እላለሁ ብዬ ስጨነቅ ሰነበትሁ። በመጨረሻ ርእሱን የሰጡኝ ራሳቸው ተማሪዎቼ ናቸው። የፈተና ወረቀት ሳርም ወንድሙ፥ ፈረሱ፥ አውቶቡሱም ሁሉ «ፋስትሊ» ሲሄድ አገኘሁት።

«ፋስትሊ» የምትባል ቃል በዛሬው እንግሊዝኛ የለችም። ተማሪው የተሳሳተው ግን አስቦ ነው እንጂ ሳያስብ አይደለም። «ክዊክ» ወደ «ክዊክሊ»፥ «ስሎው» ወደ «ስሎውሊ» ከተለወጠ፥ «ፋስት» ብቻዋን የምትቀርበት ምክንያት ምንድር ነው? ሙግቱ ደኅና ነው፤ ቋንቋው ግን ሙግት አይሰማም። «ፋስት» ስምንም ግስንም ስትገልጽ መልኳን አትለውጥም፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል።

የሚከብደው ሌላው ነው። ተማሪ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ «ፋስት»፥ «ክዊክ»፥ «ራፒድ»፥ «ስዊፍት» የተባሉትን ሁሉ «ፈጣን» ተብለው ያገኛቸዋል። ስለዚህ እንደ አንድ ሳንቲም ያያቸዋል፤ የትኛውንም ቢያወጣ የሚገዛበት ይመስለዋል። ወላጆቼ፥ በገዛ ቋንቋችን እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። መንገደኛ ይገሠግሣል፤ በቅሎ ደንብራ ትፈረጥጣለች፤ የተላከ ልጅ ይከንፋል፤ ሥራ የበዛበት ይጣደፋል። ከሰርግ ቤት ተሰናብተው የወጡትን አዛውንት «ፈረጠጡ» ብንል ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይቀየመናል። እንግሊዞችም በበኩላቸው እንዲሁ ናቸው።

እስቲ ከ«ፋስት» እንጀምር። የጥንት ትርጓሜዋ ፍጥነት አልነበረም፤ ጽኑ፥ ጥብቅ፥ የማይነቃነቅ ማለት ነበር። መርከበኛ ጀልባውን በገመድ ሲያስር ዛሬም በዚህችው ቃል ይናገራል። «ሆልድ ፋስት» አጥብቀህ ያዝ ማለት ነው። ጨርቅ ነጋዴው «ፋስት ከለር» ሲላችሁ ቀለሙ አይለቅም ማለቱ ነው እንጂ ፈጥኖ ይለቃል ማለቱ አይደለም። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ «ፋስት አስሊፕ» የሚለውን «ፈጥኖ ተኛ» ብሎ ተርጕሞልኛል፤ ትርጓሜው ግን ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደው ነው። አጥብቆ መሮጥ ሲባል ቈይቶ፥ ጥብቅ የነበረችው ቃል ቀስ በቀስ ፈጣን ሆና ቀረች። ጾምም በእንግሊዝኛ «ፋስት» የሚባለው ከዚሁ ሥር ነው፤ ራስን አጥብቆ መያዝ ነውና። «ብሬክፋስት» ጾምን መስበር ነው። የእኛ ቍርስ ደግሞ እንጀራን መቍረስ ነው። ሁለቱም ሕዝቦች በማለዳ አንድ ነገር ሲሰብሩ አያስደንቅም?

«ክዊክ» ደግሞ የጥንት ትርጓሜዋ ሕያው ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ሕያዋን» ለማለት ይህችኑ ቃል ተጠቅሟል። ያልተነገረው ተማሪ እዚያ ሲደርስ «ፈጣኖችና ሙታን» ብሎ ግራ ይጋባል። ባዜቃን «ክዊክሲልቨር» ያሉት እንደ ሕያው ነገር ስለሚሯሯጥ ነው፤ ከጥፍር ሥር ያለው፥ ሲነካ የሚያመው ሥጋም «ክዊክ» ይባላል። ይህን የያዘ ተማሪ የሁለቱን ልዩነት ለማስታወስ ይቀለዋል። «ፋስት» የነገሩን ግሥጋሤ ትናገራለች፤ ፈጣን መኪና፥ ፈጣን ሯጭ ለማለት ትሆናለች። «ክዊክ» ግን ነገሩ ጥቂት ጊዜ ብቻ መፍጀቱን ትናገራለች፤ አንድ አፍታ ማየት «ኤ ክዊክ ሉክ» ነው፤ «ኤ ፋስት ሉክ» ቢባል ግን ለጆሮ ይጎረብጣል።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። «ራፒድ» የጽሕፈት ቤትና የጋዜጣ ቃል ናት፤ ዕድገትንና ለውጥን ትወዳለች። «ስዊፍት» ለወንዝ፥ ለውሳኔ፥ በክንፏ ለምትፈጥን አንዲት ወፍም ስም ሆናለች። ለታመመ ወዳጅ ደብዳቤ ስትጽፉ «ስፒዲ ሪከቨሪ» በሉ። መልስ ሳይዘገይ ሲደርሳችሁ ደግሞ «ፕሮምፕት» ነው።

«ስፒድ» እራሷ ታሪክ አላት። ጥንት መሳካት፥ መቅናት ማለት ነበረች። ስለዚህ «ሞር ሄስት፥ ሌስ ስፒድ» የሚለው ተረታቸው፥ ችኰላ ሲበዛ ሥራው አይቀናም ማለት ነው፤ የእኛዪቱ የቸኰለች አፍሳ እንደ ለቀመችው።

ፈረስ የምትወዱ ደግሞ ይህን ስሙ። ሶምሶማ «ትሮት» ነው፤ ሽምጥ ግልቢያ «ጋሎፕ» ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው «ካንተር» ከካንተርበሪ ከተማ ስም የተቈረጠች ናት። በ1170 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ የተገደሉትን የሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬትን መቃብር ሊሳለሙ የሚሄዱ ምእመናን፥ ፈረሳቸውን ሳያደክሙ በለዘብታ ያስኬዱት ነበር ይባላልና አካሄዱ በከተማዪቱ ስም ተጠራ።

ሌላው የተማሪዎቼ ስሕተት በአበበ ቢቂላ ላይ የሚፈጸም ነው። ስለ እርሱ ጻፉ ስላቸው «ስፕሪንት እያደረገ አሸነፈ» ይሉኛል። «ስፕሪንት» ያለ የሌለ ኃይልን አውጥቶ ለአጭር ርቀት መሮጥ ነው። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር እንዲህ የሚሮጥ ሰው አልተወለደም። አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲሮጥ፥ ለመንገዱ ሁሉ የምትስማማው «ረን» ናት። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋራ እኩል ሲጓዝ ቈይቶ በመጨረሻው ግድም ተለይቶት ሲወጣ፥ ያን ጊዜ «ስፕሪንት» ብትሉ አልቈጣም።

በየዕለቱ ንግግር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ሀሪ አፕ» ለጓደኛና ለታናሽ ይባላል። «ስቴፕ ኦን ኢት» ከመኪና የመጣ ነው፤ የነዳጅ መስጫውን ርገጠው ማለት ነውና የታክሲ ረዳቶቻችን «ሳበው!» ከሚሉት ጋራ ወንድማማች ነው። «ሼክ ኤ ሌግ» ሲባል እግሩን የሚያወዛውዝ ተማሪ እንዳይኖር፤ ተነሥ፥ ፍጠን ማለት ብቻ ነው። «ቾፕ ቾፕ» ነጋዴዎች ከቻይና ወደብ ያመጡት ነው። ይህን ለታላቅ ሰው የሚናገር ባለጌ ይባላል፤ ርእሰ መምህራችን ፊት እንዳትሞክሩት።

«ረን»ን ለመጨረሻ ያቈየኋት ስለምፈራት ነው። የኦክስፎርዱ ታላቅ መዝገበ ቃላት ለዚህች አንዲት ግስ ከ600 የሚበልጥ ፍች ቈጥሮላታል። ሱቅ ማስተዳደር «ረን» ነው፤ የቧንቧ ውሃ መፍሰስ «ረን» ነው፤ ጉንፋን የያዘው አፍንጫም እንዲሁ። «አይ አም ረኒንግ ሌት» የሚላችሁ ሰው ምናልባት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሆናል፤ መዘግየቱን እንጂ መሮጡን አልነገራችሁም።

እኔ ራሴ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፥ የእኛ ትምህርት ቤት ግን አይደለም፥ ያሳደገችኝ አያቴ በጠና መታመሟን የሚገልጽ መልእክት ከአገር ቤት ደረሰኝ። ፈቃድ የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነበር። ወደ አያቴ ልሩጥ ለማለት አሰብሁ፤ «ረን» ብቻዋን አነሰችብኝ፤ መንገዱ ሩቅ ነውና «አዌይ» ጨመርሁባት። «ረን አዌይ» ግን መኰብለል ነው። ኀላፊው የውጭ አገር ሰው ነበሩ፤ ካልተፈቀደልኝ እጠፋለሁ ብዬ የዛትሁ መስሏቸው አስጠሩኝ። «ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ?» ቢሉኝ «የስ ሰር» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ፈቃዱን ከለከሉኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ደብዳቤውን አይተው ነገሩን አስረዱልኝ፤ ኀላፊውም ደንግጠው የአውቶቡስ ዋጋ ጨምረው አሰናበቱኝ። ስደርስ አያቴ ተቀብራ ሣልስቷ ወጥቷል። ኀላፊውን አልቀየምኋቸውም፤ ያነበቡት የጻፍሁትን ነው።

ያንን ደብዳቤ በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪዎቼን አሳርማለሁ። አርመው የሚሰጡኝ እንዲህ ነው፤ «ማይ ግራንድማዘር ኢዝ ቬሪ ኢል። ፕሊዝ ሌት ሚ ሊቭ አት ዋንስ።» ሩጫ የለበትም። ስለ ፍጥነት የሚናገረው «አት ዋንስ» ብቻ ነው፤ ትርጓሜውም «ወዲያው» ነው።